የጠመንጃ ሠሪው ሣጥን
ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ አገር ስለ ጠየቁት የሥራ መሣሪያ



በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት የወረደ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሎ ይታያል። አንዱ ውጅግራ ነው፤ ሌላው ምንሽር፤ ሌላው አልቢን ወይም ሰናድር ይባላል። እንግዳ ሰው እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ሲያይ አስቀድሞ የሚመለከተው አፈሙዙን ወይም የሰደፉን ጌጥ ነው። ዕውቀት ያለው ጠመንጃ ሠሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የብሎኖቹን ራስ ነው። በብሎኑ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠርዙ ሳይሸረፍ ቀጥ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ያ ጠመንጃ እስከ ዛሬ ድረስ የተፈታው በሚገባው መሣሪያ ነው ማለት ነው። ስንጥቁ ተበልቶ ዙሪያው የተቧጨረ እንደ ሆነ ግን፥ የማይገባው እጅ በማይገባው ብረት እንደ ታገለው ባለሙያው ወዲያውኑ ያውቃል፤ ውስጡንም ገና ሳይከፍተው ይጠራጠረዋል።

እኔም ልጅ ሳለሁ የአያቴን ውጅግራ በዚሁ ዓይነት በድያለሁ። ልወልውለው ብዬ በቢላዋ ጫፍ አንዱን ብሎን ለመፍታት ስታገል ስንጥቁ ተበላ፤ ብሎኑም ከቦታው አልተነቃነቀም። አያቴ ባዩኝ ጊዜ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብለው ብሎኑን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፥ «በምን ልትፈታው ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁኝና ወደ ቦታው ሰቀሉት። ዛሬ ልናገር ያሰብኩት ከዚሁ «በምን?» ከሚለው ጥያቄ የተነሣ ነው። ስለ ጠመንጃ የተጻፈው ታሪክ ብዙ ነው፤ ጠመንጃው በምን እንደሚሠራና በምን እንደሚታደስ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በትርፍ ጊዜያቸው አሮጌ ጠመንጃ መወልወልና ማደስ የሚወዱ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። ሕግ በሚፈቅድላቸው ወሰን ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ፥ ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ ብለው ባለሙያውን መጠየቃቸው አይቀርም። ባለሙያው የሚሰጣቸው መልስ ጀማሪውን የሚያስገርም ነው። ትልቅ መኪና ግዙ አይላቸውም። ለእያንዳንዱ ብሎን ስንጥቅ በወርዱም በውፍረቱም ልክ የሆነ ካቻቪቴ ይኑራችሁ ይላቸዋል፤ ካልተስማማም ካቻቪቴውን ለብሎኑ ሞርዱት እንጂ ብሎኑን በግድ አትጠምዝዙ ይላቸዋል። ቀጥሎ ጥርሳቸው ሻካራና ለስላሳ የሆነ ልዩ ልዩ ሞረዶችን ያዝዛል፤ የብረት ድቃቂ በጥርሶቹ መካከል ተሰንቅሮ ሥራውን እንዳይቧጭርም ሞረዱን ጠመኔ መቀባት እንዲገባ ያስረዳል። ሞርሳ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ከንፈሮቹ በእርሳስ ወይም በመዳብ ሉክ መሸፈን አለባቸው፤ አለዚያ የሞርሳው ጥርስ በጠመንጃው ላይ ለዘለዓለም የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። መዶሻውም ከነሐስ የሆነ፥ ከሚመታው ብረት ይልቅ የለሰለሰ ይሁን ይላል። ከዚህ በኋላ ጥሩ ዘይት፥ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ነው።

አድማጮቼ ይህን ትንሽ ዝርዝር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። የሥራ መሣሪያ ዝርዝር እንደ ተርታ ነገር ይቆጠራል፤ ሆኖም ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሌላ መንግሥት የላኩት የዚህ ዓይነት ዝርዝር በእኔ አስተያየት ከብዙ የጦርነት ወሬ ይልቅ ስለ ሰውየው አሳብ የሚናገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1512 ዓ.ም. የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ በ1518 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፉት ደብዳቤ የጠየቁት ዋና ነገር ባለሙያ ነው። ሰይፍና ልዩ ልዩ የጦር መሣሪያ የሚሠሩ፥ መጽሐፍ የሚያትሙ፥ ግንበኞች፥ አናጢዎች፥ ሐኪሞች እንዲላኩላቸው ለምነዋል። ባለሙያዎቹ በጠየቁበት ጊዜ አልደረሱላቸውም። በ1533 ዓ.ም. 400 የሚሆኑ ነፍጥ የያዙ ፖርቱጋሎች በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ መሪነት በምፅዋ በኩል ገቡ፤ በዚያን ጊዜ ግን ዐፄ ልብነ ድንግል ከሞቱ ወራት አልፈው ነበር። በ1534 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ወፍላ ላይ አዛዡ ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ወደ ተራራ ሸሹ። እዚያም ባሩዳቸው አልቆ ሳለ ያዳናቸው፥ መካከላቸው ባሩድ መሥራት የሚያውቅ አንድ ሰው መገኘቱ ነው። የባሩዱን ጨውና ድኙን ከዚያው ከተሸሸጉበት አገር አግኝተው፥ ከሰሉን ጨምረው ባሩድ አበጁ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የተተኮሰውም ይኸው ባሩድ ነው። አራት መቶ ነፍጥ ባሩድ የሚቀምም አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ አራት መቶ በትር ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ብዙ ዘመናት ነፍጥ በምፅዋ በኩል እየተገዛ ይገባ ነበር። በገመድ እሳት የሚለኮሰው የድሮው ነፍጥ አሠራሩ ቀላል ስለ ነበረ ያገራችን ቀጥቃጭ ሊያድሰው ይችል ነበር። ወናፉን፥ መስፉን፥ ጉጠቱንና መዶሻውን ይዞ የተሰበረውን ጠምዝዞ ይቀጥለዋል፤ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በእርጥብ ቆዳ ሰፍቶ ያደርቀዋል። እርሳስ በጠፋ ጊዜም ከብረት ጥይት ያድቦለቡላል። ይህ ሁሉ ሙያ ነው። የሚያሳዝነው ግን ባለሙያው ራሱ ጠይብ፥ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ፥ ከሰው ማዕድም ይለይ ነበር። ወታደሩ ጠመንጃውን ይወዳል፤ ጠመንጃውን ያዳነለትን እጅ ግን ይንቃል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ በዚሁ ሁኔታ ቆየ፤ ከዐዋጁም በኋላ በአንድ ቀን አልተለወጠም።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አዲሱ ዓይነት ጠመንጃ በመጣ ጊዜ ግን የወናፍና የመዶሻ ሙያ ብቻውን አልበቃ አለ። አዲሱ ጠመንጃ በቃታው ውስጥ ሞላ አለው፤ ሞላውም በልኩ ጠንክሮ በልኩ የለዘበ አረብ ብረት መሆን አለበት፤ ከጠነከረ ይሰበራል፥ ከለዘበ አይመታም። ብሎኖቹ ጥርስ አላቸው፤ ጥርሱን በመዶሻ መቅረጽ አይቻልም። ባሩዱንም የሚያቀጣጥለው ገመድ ሳይሆን እንደ ቆብ የተሠራች ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ናት፤ እርስዋን ለመሥራት ልዩ መኪናና ልዩ ቅመም ያስፈልጋል። እንግዲህ ቆቡ ያለቀበት ወታደር ምንም ያህል ባሩድና ጥይት ቢኖረው መተኮስ አይችልም። በዚህ ምክንያት አዲሱ ጠመንጃ ከአሮጌው እጅግ የበለጠ ኃይል ሲሰጥ፥ ባለቤቱን ከሻጩ ደጅ ይበልጥ አሠረው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ያወቁት በሰውነታቸው ላይ ነው። ገና ካሣ ሲባሉ፥ በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ወዲያ ደባርቂ በተባለው ስፍራ በመድፍ ከታጠቀው የግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ብዙ ሰው አልቆባቸዋል። ከነገሡ በኋላም ያ ቀን ከልባቸው አልጠፋም።

በዘመናቸው ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት የእጅ ባለሙያዎች በወንጌል ሰባኪነት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየር፥ ኪንዝለን፥ ኋላም ዋልድማየርና ዛልሙለር የተባሉት ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሯቸው። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅም ከእነርሱ ጋር ይቆጠሩ ነበር። ከዚያም መድፍ ሥሩ ብለው አዘዟቸው። ሰባኪዎቹ ይህን ሥራ ከቶ አናውቀውም ብለው መለሱ። ዋልድማየር በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ እሺ እስኪሉ ድረስ ሎሌዎቻቸው በሰንሰለት ታሰሩ። እነርሱም ሳይወዱ ምድጃ ሠሩ፤ ነሐሱን ለማቅለጥ ሞከሩ፤ ሥራው ተበላሸ፤ ደግመው ሞከሩ። ብዙ ድካም ከደከሙ በኋላ ቀልጦ የወረደው ነሐስ ከጭቃው ቅርጽ ውስጥ መድፍ ሆኖ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም እጅግ ደስ ተሰኙ፤ ባለሙያዎቹን ሸለሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠይቁት መድፍ መጠኑ እየጨመረ ሄደ።

ከዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተጣሉበትን ምክንያት በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። እስረኞቹን ለማስለቀቅ የተላከው ሆርሙዝ ራሳም በጥር 1858 ዓ.ም. ደረሰ፤ በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ በሚያዝያ ግን እርሱም ከእስረኞቹ ጋር ተያዘ። በዚያው በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ፍላድን ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣ አስቀርተው ወደ ለንደን ላኩት። ፍላድ የያዘው ጉዳይ ከላይ ያነሣሁት ዝርዝር ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ሠሪዎች፥ የመድፍ ዐዋቂ መኮንን፥ ብረት አቅላጭ፥ ጀልባ ሠሪ፥ ሠረገላ ሠሪ። ቀጥሎ ለማቅለጫው ምድጃ የሚሆን አነስተኛ የእንፋሎት መኪና፥ ቶርኖ፥ ባሩድ የሚፈጭ መኪና፥ ጠመንጃ የሚያቀጣጥለውን የመዳብ ቆብ የሚሠራ መኪና ነው። በእርግጥ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃና ሽጉጥ፥ መነጽርና የመሳሰለው የቤተ መንግሥት ዕቃም አብሮ ተጠይቋል፤ ንጉሥ ናቸውና። የዝርዝሩ አጥንት ግን የሥራ መሣሪያ ነው። ይልቁንም የቶርኖው መጠየቅ ያስደንቀኛል። ቶርኖ ማለት ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ፥ የብሎንን ጥርስ በልኩ የሚያወጣ፥ ሌላ መሣሪያን ራሱን ለመሥራት የሚያገለግል መኪና ነው። መድፍ የሚጠይቅ ንጉሥ በዓለም ሞልቷል፤ ቶርኖ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም።

የውጭ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዝርዝር ሲያነሡ እንደ አንድ እብሪተኛ ሰው ምኞት አድርገው የሚያልፉት አሉ። ሰዎችን በሰንሰለት አስሮ ባለሙያ ላኩልኝ ማለት የሚያስነቅፍ መሆኑን እኔም አልክድም፤ ቢሆንም ጥያቄው ራሱ የምኞት ጥያቄ አልነበረም። ይህን ለማስረዳት በዚያው ዘመን እንግሊዝ ራስዋ ያደረገችውን እጠቅሳለሁ፤ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

እስከ 1850ዎቹ ድረስ የእንግሊዝ ጠመንጃ በአብዛኛው የሚሠራው በበርሚንግሃምና በለንደን ባሉ የእጅ ባለሙያዎች ነበር። እያንዳንዱ ክፍል በሞረድ እየተሞረደ ለዚያው ለአንዱ ጠመንጃ ብቻ ልክ ሆኖ ይገጠማል፤ ስለዚህም የአንዱ ጠመንጃ ብሎን ለሌላው አይሆንም። ዘመቻ ላይ የአንዱ ቃታ የተሰበረ እንደ ሆነ ከሌላው አውጥቶ መተካት አይቻልም፤ ባለሙያ ተቀምጦ እንደገና መሞረድ አለበት። በአሜሪካ ግን ጠመንጃ በመኪና ይሠራል፥ ክፍሎቹም ሁሉ አንድ ልክ ናቸው የሚል ወሬ ተሰማ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1854 ነገሩን የሚመረምሩ መኮንኖችንና አንድ መሐንዲስ ላከ። እነርሱም በማሳቹሴትስ ግዛት ወደ ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሄደው፥ ከ1844 እስከ 1853 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ከእያንዳንዱ ዓመት ሥራ አንድ አንድ ጠመንጃ መረጡ። ዐሥሩም ጠመንጃዎች ተፈታቱ፤ ክፍሎቻቸውም ተደባለቁ። ከዚህ በኋላ አንድ ሠራተኛ ከተደባለቀው እያነሣ ዐሥሩን ጠመንጃ መልሶ ገጣጠማቸው። ሞረድ አላነሣም፤ መዶሻም አልፈለገም፤ በእጁ የነበረው ካቻቪቴ ብቻ ነው።

ተመልካቾቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት ጠመንጃ ገዝተው አይደለም፤ ጠመንጃ የሚሠሩትን መኪናዎች አዝዘው ነው። ብረቱን የሚቆርጡትን መኪናዎች በቬርሞንት ግዛት ካለው ከሮቢንስና ሎረንስ ፋብሪካ፥ የእንጨት ሰደፍ የሚጠርቡትን ደግሞ በማሳቹሴትስ ካለው ከኤምስ ፋብሪካ ገዙ። መኪናው ብቻውን እንደማይሠራ ስለ ገባቸውም በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠራውን ጄምስ በርተን የተባለውን መሐንዲስ ቀጥረው ኤንፊልድ በተባለው ስፍራ ባቋቋሙት ፋብሪካ ላይ ሾሙት። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በኢንዱስትሪ የሚተካከላት ያልነበረ እንግሊዝ፥ ከሌላ አገር የሥራ መሣሪያና የሥራ ሰው መውሰድን እንደ ነውር አልቆጠረችውም። የዐፄ ቴዎድሮስ ዝርዝር ለንደን የደረሰው ይህ ከሆነ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። የጠየቁት በመጠኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም በዓይነቱ ያው ነበረ።

ፍላድ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ ጉዳዩም በመንግሥቱ ዘንድ ተመከረበት፤ በመጀመሪያ መልሱ እሺ የሚል ነበረ። ባለሙያዎቹ ተቀጠሩ፤ ዕቃውም ተገዛና በመርከብ ተጫነ፤ በ1859 ዓ.ም. ሰዎቹና መሣሪያዎቹ ምፅዋ ደረሱ። እዚያም ቆሙ። እስረኞቹ አስቀድመው ተለቅቀው ምፅዋ ካልደረሱ ባለሙያዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ደጋ እንዳይወጡ ትእዛዝ ነበረ። ፍላድ ይህን መልእክት ይዞ ብቻውን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ባለሙያዎቹና መሣሪያው አስቀድመው ካልመጡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንዱ ሌላውን አላመነም፤ ላለመተማመናቸውም ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ባለሙያዎቹ በምፅዋ ሙቀት ወራት ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቶርኖው ከባሕሩ ጠረፍ ወደ ደብረ ታቦር የሚያደርሰውን መንገድ ሳያይ ቀረ።

ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ከዚህ ጋር አያይዞ ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ። በተለምዶ ስለዚህ መድፍ ስንናገር እንደ ታላቅ ሥራ እናደንቀዋለን፤ እውነትም የሚደነቅ ነው። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ የተወሰደ ነው፤ ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ነገር ግን መሣሪያ ከመምረጥ አንፃር ብንመለከተው ጥያቄ የሚያስነሣ ሥራ ነው። በእጃቸው የነበረው ምንድን ነው? ምድጃ፥ ጭቃ፥ ነሐስና ብዙ ጉልበት ነው። በምድጃና በጭቃ ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ትልቅና ሻካራ ነገር ነው፤ ሞላ፥ ብሎን፥ የመዳብ ቆብ በጭቃ ቅርጽ አይወጣም። ለትናንሾቹ ነገሮች የሚሆነው መሣሪያ ምፅዋ ላይ ስለ ቀረ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ እርሱ ሊሠራ ወደሚችለው ወደ ትልቁ ነገር ዞሩ። እኔ እንደሚመስለኝ የሴባስቶፖል ግዝፈት የኃይል ምልክት ብቻ አይደለም፤ የቶርኖው አለመኖርም ምልክት ነው።

የመድፉም ክብደት ራሱ ሌላ ጦርነት ሆነ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በጋፋት ባለሙያዎች በተሠራ ሠረገላ ላይ የተጫነውን መድፍ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ገመድ ይጎትተዋል፤ ከፊቱም መንገድ ይጠረጋል፥ ገደል ይናዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ እንደ ነበረ አብረው የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። ደካማ ፈረስ በጥቂት ቀን የሚሄደው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የዝዋይን ወይም የጣናን ባሕር ዳር የሚያውቅ ሰው የበሺሎንና የጅጣን ሸለቆ ካላየ ይህን ድካም ሊገምተው አይችልም፤ እነዚያን ሸለቆዎች ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የወጣ ሰው ግን ሠረገላ ሠሪ በዝርዝሩ ውስጥ ስለ ምን እንደ ተጠየቀ ወዲያው ይገባዋል።

በዚያው ወራት ከወዲያ በኩል ጄኔራል ናፒየር ይገሠግሥ ነበር። ዙላ ላይ የወረደው ጦር ከሕንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት። ከጠረፉ ወደ ተራራው ሥር ዕቃ ለማመላለስም ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። በሐዲዱ ላይ የሚሮጡት የእንፋሎት መኪናዎች ነበሩ። አንድ አነስተኛ የእንፋሎት መኪና ለአንድ ምድጃ ቢጠየቅ ወደ አገሩ አልገባም፤ ለዘመቻው ግን ከነሐዲዱ ገባ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የስቅለት ዕለት፥ ሁለቱ ጦሮች አሮጌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። የእንግሊዝ እግረኛ ጦር የያዘው ጠመንጃ በኤንፊልድ ከአሜሪካ በመጡት መኪናዎች የተሠራው ዓይነት ሲሆን፥ ገና ከጥቂት ጊዜ በፊት የኋላው ተቆርጦ ከበስተኋላ የሚጎርስ እንዲሆን ተለውጦ ነበር። የለውጡን አሠራር ያወጣው ጄኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ያገራችን ሰውም ጠመንጃውን በዚሁ ሰው ስም ሰናድር ብሎ ጠራው። በአፈሙዙ የሚጎረሰው የድሮው ጠመንጃ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኩስ፥ ይህኛው እስከ ዐሥር ጊዜ ይተኩሳል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር 700 ያህል ሰው ሞተ፤ የቆሰለው ከዚያ ይበልጣል። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ከእነርሱ የሞቱት ሁለት ናቸው። ከተራራው ላይ ከተተኮሱት የንጉሠ ነገሥቱ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩዱ ከመጠን በላይ ተጨምሮበት ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

የሴባስቶፖል አምሳያ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ተተክሏል፤ ዋናው መድፍ ግን ከዚያው ከመቅደላ አምባ አልወረደም። የጋፋት ባለሙያዎች ከእስረኞቹ ጋር ወጥተው ተበተኑ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፥ በአስፉሪያ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትዝ ሆልም ኑሮውን በያፋ አደረገ። በጋፋት የቀለጠው ነሐስ በአገሩ ቀረ፤ የቀለጠበት ዘዴ ግን ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ፥ መንገድ ሳይከለክሉ ስንቅም እያቀረቡ የረዱትን የትግሬውን ደጃዝማች ካሣን፥ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉትን፥ በስጦታ ካሳቸው። ስጦታው 12 መድፍና ሞርታር፥ 850 ያህል ጠመንጃ፥ ከነባሩዱና ከነጥይቱ ነበረ። ጆን ኪርካም የተባለ ሰውም ወታደሮቹን ለማሠልጠን ከደጃዝማች ካሣ ጋር ቀረ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ከዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር በተደረገው ጦርነት ይህ መሣሪያ ብዙ ረድቷቸዋል። በስጦታው ዝርዝር ውስጥ ቶርኖ የለም፤ የመዳብ ቆብ የሚሠራ መኪናም የለም። የዙላው ሐዲድም ተነቀለ፤ የእንፋሎት መኪናዎቹ ወደ መርከብ ተመልሰው ተጫኑና ሄዱ።